ፎቶ አይቶ ለመናገር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቆቦ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች «አሁንስ ምን ትሠሪያለሽ?» አይሉኝም። የሚጠይቁኝ «ለመሆኑ ያኔ ምን ትሠሪ ነበር?» ብለው ነው። ጎረቤቴ ዘሪቱ በተለይ አትለቀኝም።

«ፎቶ አንሺ ነበርሽ?»

«አልነበርሁም።»

«ፎቶ አጣቢ?»

«እሱንም አልነበርሁም።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ሰው ያነሣውን አይቼ የታየኝን እናገር ነበር።»

ዘሪቱ ሽንኩርቷን እየላጠች ጥቂት አሰበች። «ለማየት ደመወዝ ይከፍሉሽ ነበር?»

ይከፍሉኝ ነበር። ብዙ አልነበረም፤ ለአንድ ሴትና ለመጻሕፍቷ ይበቃል። «እኔማ በነጻ ስንቱን አየሁት» ብላ ሳቀች። ሳቋ ትክክል ነው። ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ያየውን ለሌላ ሰው አስተካክሎ መንገር ግን ሙያ መሆኑን እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ብዙ ነገር የማውቀው ዘግይቼ ስለሆነ አልገረመኝም።

ፊደል የቆጠርሁት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። እነሱ ልጆቻቸውን ሲያስመዘግቡ እኔ ራሴን አስመዘገብሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ስለሚል በጎን እቀመጥ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ጠባይ አለው፤ አንዲት ቃል አያሳልፍም። በልጅነቱ የተማረ ሰው ያልገባውን ዘሎ ማንበብ ይችልበታል፤ እኔ መዝለል ሳልማር ቀረሁ። ይህ ጠባዬ ሰው ሲያሰለች ኖሯል፤ እንጀራዬም የተገኘው ከእሱ ነው።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስሁ ከግብርና ጋር በሚሠራ አንድ ጽሕፈት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። ቤተ መጻሕፍት ሲባል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ሁለት መደርደሪያና ዝናብ የሚያስገባ መስኮት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ፎቶዎችም በካርቶን ሣጥን ሆነው እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ እርከን፣ ችግኝ፣ ክትባት፣ ስብሰባ፣ አሁንም ስብሰባ። ለመጽሔትና ለግድግዳ የሚሆነውን መርጦ የማውጣቱ ሥራ፣ ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ፣ ለእኔ ተሰጠኝ።

ፎቶ አንሺው ጋሽ ይመር ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ከብት ሲከተብ የሚያሳይ ነው።

«ምን ይመስልሻል፣ ወለላ?»

«ቆንጆ ነው።»

«ቆንጆ ነው አልሽ? በቃ፣ በሩን ዘጋሽው» ብለው ፎቶውን ይዘው ወጡ።

አፈርሁ። ከመደርደሪያው ስለ ፎቶ አነሣሥ የሚያስተምር አንድ የተቀዳደደ መጽሐፍ አገኘሁና አንዲት ቃል ሳላስቀር አነበብሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ፎቶ መልሰው ሲያመጡ ተዘጋጅቼ ነበር። «አድማሱ ዘሟል። የላሚቱ ጭራ ተቆርጧል። መርፌ የያዘው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኗል። ከበስተግራ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ ገብቷል።»

ጋሽ ይመር ሰምተው ሲያበቁ፣ «ፎቶውን የት ጣቢያ ልውሰድልሽ?» አሉኝ። «ይህ እኮ ክስ ነው።»

ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ አባታቸው ነገሩኝ። አባታቸው ደም የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት የተጣሉ ሰዎች ፊታቸው ሲቀርቡ አንደኛው ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም ይላሉ። ከዚያ «እንዲህ ብለሃል?» ብለው የሰውየውን ቃል መልሰው ይነግሩታል። «አላልሁም» ካለ እንደገና ያናግሩታል። «አዎ፣ ቃሌ ነው» እስኪል ድረስ ምክር የለም፣ ፍርድ የለም።

«አንዳንዱ» አሉ ጋሽ ይመር፣ «የገዛ ቃሉን ከአባቴ አፍ ሲሰማው ያለቅሳል። እስከዚያ ድረስ ምን እንዳለ አያውቅማ። ፎቶም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ያለውን መልሰሽ ንገሪው። ጉድለቱ አይሸሽሽም፤ ቆሞ ይጠብቅሻል።»

የእሳቸው ልማድ ይህ ነበር። ፎቶን በአምፖል ብርሃን አያዩም፤ ወደ በሩ ይዘውት ይሄዳሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ፤ ጣት የሚጠቁም ሰው ማየት ያቆማል ይላሉ። ቀጥሎ ይዘቀዝቁታል፤ የተዘቀዘቀ ሰው ስሙ ስለሚጠፋ፣ ብርሃኑና ጥላው ብቻ ይቀራል። በመጨረሻ የፎቶውን አንድ ወገን በመዳፋቸው ይሸፍኑና «ይህን ብንወስድበት ይጎድልበታል ወይስ አይሰማውም?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱን ፎቶ እንዲህ ሲያገላብጡ ሻያቸው ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ ሻይ ነበር የሚወዱት መሰለኝ፤ ሲሞቅ ጠጥተው አላውቅም።

የክትባቱን ፎቶ ወደ በሩ ይዤው ሄድሁ። ከበስተግራ የገባችውን እጅ በመዳፌ ሸፈንኋት። ላሚቱ ደነገጠች። መዳፌን አነሣሁ፤ ላሚቱ ጸጥ አለች። እንደገና ሸፈንሁ፣ እንደገና አነሣሁ። ያኔ ነው የታየኝ፤ ላሚቱ የምታየው መርፌውን አይደለም፤ ያችን እጅ ነው። እጇ የሴት ናት፤ ቀንዱ ሥር በስሱ አርፋለች። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ገመድ ላሚቱን አልያዛትም፤ የያዘቻት ከፎቶው ውጭ የቆመች አንዲት ሴት ናት። እኔ ስሕተት ብዬ የቆጠርኋት እጅ።

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ይህ ፎቶ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል ስንት ቀን ውሎ አድሯል። ስንት ሌላ እጅ በዚያ ካርቶን ውስጥ ተቀብሮ ይሆን? እስከ ጡረታዬ ድረስ አንድ ፎቶ እጄ በገባ ቁጥር ያ ስሜት አልተወኝም፤ የሰው ቤት በር ላይ ቆሞ «ቤቶች» እንደማለት ያለ ነገር ነው።

አለቆች መጥተው ሄደዋል። አንደኛው በፎቶው መሐል እሱ ከሌለ ፎቶው አልተነሣም ብሎ የሚያምን ነበር። ስለ አዲስ የመስኖ ቦይ በተነሣ ፎቶ ላይ «ጌታዬ፣ ቦዩ ከጀርባዎ ሆኖ አልታየም» ስለው፣ «ቦዩማ የትም አይሄድ፤ እኔ ነኝ የምዛወረው» አለኝ። እውነትም ተዛወረ፤ ቦዩ እስከ ዛሬ አለ። ደግ ሰው ነበር፤ ቀልዱ ግን ለራሱ የገባው አልመሰለኝም።

አሁን ስለከበደኝ ነገር ልናገር። በእኛ ቆላ ዝናብ ብቻውን አያበላም። ከዞብል ተራራ ደራሽ ጎርፍ ይወርዳል፤ ገበሬው አፈርና ቅርንጫፍ ከምሮ ጎርፉን ይጠልፍና ወደ ማሳው ያስገባዋል። ክምሩ ደካማ ከሆነ ጎርፉ ጥሶ፣ ዘሩንም አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ዓመት ክምሩ እንዴት እንደሚጠናከር የሚያሳይ ትልቅ ፖስተር እንዲሠራ ታዘዝን። ጋሽ ይመር አነሡ፤ እኔ አየሁ። ሰው ክምሩን ጋረደው አልሁ፤ ሰውየው ወጣ። ውሻ አለ አልሁ፤ ውሻው ተባረረ። አቧራ አልሁ፤ አቧራው እስኪያርፍ ጠበቁ። ተመላልሰው አነሡት። በመጨረሻ እንደ መስተዋት የጠራ ፎቶ ወጣ። ሁለታችንም ኮራንበት። ታትሞ ሮቢት ከተማ መንገድ ዳር ተሰቀለ።

ክረምቱ ሲገባ ማንም በፖስተሩ መሠረት አልሠራም። ጎርፉ መጣ፤ ብዙ ክምር ጣሰ፤ ብዙ ማሳ ወሰደ። ጋሽ ይመር ምንም ሳይሉ ሮቢት ሄዱና አውቶቡስ የሚጠብቅ መንገደኛ መስለው ከፖስተሩ ሥር ዋሉ። ሲመለሱ የሰሙትን ነገሩኝ። ሁለት ገበሬዎች ቆመው ሲያዩት ነበር።

«ይሄ የማን አገር ነው?» አለ አንዱ።

«እንጃ። ሰው የለበትም።»

«ሰዎቹን ጎርፍ ወስዷቸው ይሆናላ።»

«እንግዲያ እንዲህ ከሠራችሁ ታልቃላችሁ ማለታቸው ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እንስቅ ነበር። ጋሽ ይመር አልሳቁም። «ስናጠራው፣ ስናጠራው፣ የሰውን መቆሚያ አብረን ጠረግነው» አሉ። የነገርኋቸው ጉድለት ሁሉ እውነት ነበር፤ መጽሐፉም ይመሰክርልኛል። እውነት እውነቱን ተናግረን ውሸት የሆነ ፎቶ ሠራን። ያ ነገር ብዙ ቀን እንቅልፍ ነሣኝ።

በቀጣዩ ዓመት ጋሽ ይመር ሌላ አመጡ። ባልና ሚስት ክምሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቃሉ። ሚስት በመቆፈሪያዋ ወደ ታች ትጠቁማለች፤ ባል አፉን ከፍቷል። አድማሱ ዘሟል። በሩ ላይ ቆሜ ብዙ አየሁት።

«ውሃው እዚህ ጋ ይጥሳል ትለዋለች» አልሁ። «እሱ አይጥስም ይላል። ፎቶው ‹አንተስ የት ጋ ነው የምታጠናክረው?› ብሎ ይጠይቀኛል።»

«አድማሱስ?»

«ዘሟል። እነሱ ሲጨቃጨቁ የቆሙበትም ዘሟል።»

«ቃሌ ነው» አሉ ጋሽ ይመር። ያ ፖስተር ሲሰቀል ሥሩ የቆሙት ሁሉ ከባልና ከሚስት አንዳቸውን ደግፈው ሲከራከሩ ዋሉ፤ ክምሩም እየተጠናከረ መጣ።

ጋሽ ይመር ጡረታ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ካሜራው ተለወጠ፤ ካርድ መጣ፤ ስልክ መጣ። በመሐል ክፉ ጊዜ መጥቶ የካርቶን ሣጥኖቼ ተበተኑ፤ ስለ እሱ መጻፍ አልችልበትም። ከዚያ በኋላ የፎቶው ብዛት ጎርፍ ሆነ። አንዱን ወደ በር ይዤ ስወጣ ሌላው መቶ ይጠብቀኛል። እኔ ግን ያው ዘግይቶ የተማረ ሰው ነኝ፤ አልዘለልሁም።

ሐዋ የመጣችው በመጨረሻው ዓመቴ ነው። የዋጃ ልጅ ናት፤ ቀልጣፋ፣ ቁጥብ፣ ስትስቅ አፏን በሻሿ የምትሸፍን። በሙከራ ፎቶ አንሺነት ነበር የተቀጠረችው። ቋሚ ከሆነች እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን ቆቦ አምጥታ ልታስተምር አስባለች፤ ይህን የነገረችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው።

የመኸሩ ፎቶዎች በጽሕፈት ቤቱ መግቢያ ሲሰቀሉ እኔ ባልነበርሁበት ከእሷ አንዱ ተሰቀለ። አንድ ገበሬ በአውድማው ላይ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቶናል። ኩታውን በሁለት እጁ እንደ ክንፍ ዘርግቷል። ከእሱ ወዲያ የመኪና መንገዱና ባጃጅ ይታያል። ከእሱ ወዲህ፣ የፎቶው የታችኛው ሲሶ፣ ጥቁር ነው።

በማግስቱ ነገር ተነሣ። የገበያ ሰዎች፣ «ያቺ ልጅ የሰው አውድማ ሰልላ አንሥታ፣ ሰውየው ተቆጥቶ ዞረባት» አሉ። እኛ ዘንድ ምርት ዓይን ይፈራል። ክምሩ ሳይሰፈር ማንም «ይህን ያህል ነው» አይልም፤ አላፊ አግዳሚው «በረካ ያድርገው» ብሎ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል። አውድማ ላይ ካሜራ ማዞር ነውር ነው። ኃላፊያችን ደግሞ በሌላ በኩል ተቆጣ። «ገበሬ ለጽሕፈት ቤቱ ጀርባውን ሲሰጥ አንሥታ በራችን ላይ ሰቀለችው!» አለ። በዚያው ከሰዓት ስብሰባ ተጠራ፤ ሐዋ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለው እዚያው ሊቆረጥ።

«ወለላ» አለኝ ኃላፊው፣ ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ «አንቺ ዓይን አለሽ ይላሉ። ጥፋቷን ዘርዝሪልንና እንጨርስ።»

ወደ ሐዋ ዞርሁ። «ምን ልትይ ነው ያነሣሽው፣ ልጄ?»

«ያልሁት ፎቶው ላይ አለ፣ እትዬ» አለችና አቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣትም። አንዳንዱ ዝምታዋን ጥፋት አድርጎ ቆጠረው።

ፎቶውን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድሁ። «የት ትሄጃለሽ?» አለ ኃላፊው። «ብርሃን ልፈልግ» አልሁት። እውነቱን ለመናገር እኔም ያየሁት የተቆጣ ሰው ጀርባ ነበር። እጄ የሄደውም ወደዚያ ጥቁር ቦታ ነው፤ ባዶ ነው፣ ይቆረጥ ልል። በመዳፌ ሸፈንሁት። ሰውየው ይበልጥ ተቆጣ፤ ትቶን የሚሄድ መሰለ። መዳፌን አነሣሁ። ሰውየው ቆመ። የትም አይሄድም።

ፎቶውን ወደ ፀሐይ ዘንበል አደረግሁት። ጥቁሩ አፈር አልነበረም። ፍሬ ነው፤ ፍሬ በፍሬ ላይ፣ ከመሐሉ አንዲት የተሰበረች አገዳ ብቅ ብላለች። የተወቃ ማሽላ። ክምሩ ከእኛ ወገን ነው! በአውድማው ጠርዝ ደግሞ ሁለት ጥንድ ጫማ ወልቋል፤ አንዱ የጎማ በረባሶ፣ ሌላው ጫፉ ላይ የላስቲክ አበባ ያለው ትንሽ የሴት ጫማ። ቀና ብዬ ከጠረጴዛው ሥር የሐዋን እግር አየሁ። ሁሉም ተከትሎኝ ጎንበስ ብሎ አየ። አበባው እዚያ አለ። ሐዋ እግሯን ወደ ወንበሩ ሥር ሰበሰበች።

ፎቶውን እንደያዝሁ ከበሩ ወደ እነሱ ዞርሁ።

«የታየኝን ልንገራችሁ» አልሁ። «ይህ ሰው ጀርባውን ለእኛ የሰጠ አይደለም። ፊቱን ለመንገዱ ነው የሰጠ። ኩታውን የዘረጋው ባጃጅ ላይ ያለው ሰው ምርቱን እንዳያይበት ነው። ምርቱ ከእሱ ወዲህ ነው። ይህች ልጅም ከእሱ ወዲህ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ፣ እሱ አስገብቷት። ከሚሰውረው ጋር አብሮ ሰውሯታል። እኛም ፎቶውን ስናይ የቆምነው እዚያው ነው፤ ከክምሩ ጋር፣ በኩታው ውስጥ።»

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በሩ መጣ። መነጽሩን አውልቆ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «አባቴ እንዲህ ይቆም ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔ ግን ሥራዬን አልጨረስሁም፤ ቃሉ ከተመለሰ በኋላ ጉድለቱ ይነገራል። «አንድ የሚቀረው ነገር አለ» አልሁ። «ታችኛው በጣም ጨልሟል። ትንሽ ብርሃን ብትሰጪው ኖሮ ይህ ሁሉ ሐሜት ባልመጣ።»

ሐዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አልጨለመብኝም፣ እትዬ። አጨለምሁት። ‹መጠኑ እንዳይታይ አርገሽ የምታነሺኝ ከሆነ ግቢ› ብሎኝ ነው የገባሁ። ለዚያ ነው የማልናገር።»

አርባ ጊዜ ቢያርሙኝ እንዲህ አልታረምም። ያን ሁሉ ዓመት ጨለማን ጉድለት ብዬ ስጽፍ ኖሬ፣ ጨለማ የተሰጠ ቃል ሊሆን እንደሚችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ኃላፊው አሁንም ፎቶውን እንደያዘ ነው። «ስንት ኩንታል ይሆናል?» አለ ሳያስበው።

«በረካ ያድርገው» አለች ሐዋ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ኃላፊውም ሳቀ። ከዚያ ፎቶው ከመግቢያው እንዲወርድ፣ ሐዋ ደግሞ በማግስቱ ወደ መስክ እንድትወጣ አዘዘ። የወረደው ግን አጥፍታ አለመሆኑ እንዲታወቅ ብሎ፣ ለገበሬው ራሱ እንዲሰጥ ወሰነ። እኔም አብሬያት ልሂድ አልሁ።

አውድማው ከቆቦ ወደ ዋጃ ሲሄዱ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ገበሬው አያ አራጋው ይባላል። ክምሩ ተሰፍሮ ገብቷል፤ አውድማው ባዶ ነው። እኔ ግን ሥጋት ይዞኛል። በሰው ፊት «ጥቁሩ ማሽላ ነው» ያልሁት እኔ ነኝ፤ ሰውየው ሰምቶ ከሆነ፣ ሐዋ የጠበቀችለትን ቃል እኔ አፍርሼበታለሁ።

አያ አራጋው እጁን በሱሪው ጠርጎ ፎቶውን ተቀበለ። አየው። ወደ ታች፣ ወደ ጥቁሩ፣ አንዴም አልተመለከተም።

«ይሄ ማነው?» አለ።

«አንተ ነሃ፣ አያ» አለች ሐዋ። «ያን ቀን ያነሣሁህ።»

«እኔ የማውቀው ፊቴን ነው።» ፎቶውን ራቅ አድርጎ ያዘው። መልሶ አቀረበው። ወደ ቤቱ ዞሮ ተጣራ፤ «አንቺ፣ ነይ እስቲ! አባባን ነይ እይ!»

ሚስቱ እጇ ዱቄት እንደሆነ መጣች። በትከሻው ላይ ሆና አየች። «ውይ» አለች። «እሳቸው ናቸው። አንገታቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያደላ።»

«ፎቶ አልነበረንም» አለኝ አያ አራጋው፣ ዓይኑን ከፎቶው ሳያነሣ። «አባቴ ሲሞቱ አንድም ፎቶ አልነበራቸው። እህቴ ፊታቸው ጠፋብኝ እያለች ታለቅሳለች። ለካ ጀርባቸውን እኔው ተሸክሜው ነው የምዞር።»

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ምን እንደምል እየጠበቀች። ከዚያች ላሚት ጀምሮ ስንት ሺህ ፎቶ አየሁ፤ አንድ ፎቶ ያነሣው ሰው ያላሰበውን፣ ያየው ሰው ያላየውን ተሸክሞ እስከ ባለቤቱ ደጅ ሲመጣ ግን ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሚስቱ ፎቶውን ከእጁ ተቀበለች። ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት በነጠላዋ ጫፍ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ፎቶው ላይ ካለው ሰውዬ ትከሻ አቧራውን አራገፈችለት።